እምቢ የተባለው 7 ዶላር

በዋሽንግተን ዩ ስትሪት እንጀራችንን በልተን ስንወጣ፣ እዚያው የቆመውን የጥቁር ወታደሮች ሐውልት ስንቶቻችን ቀና ብለን አይተናል?

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነጩ ተራ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲከፈለው፣ ለጥቁሩ የተመደበው 10 ነበር፤ ከዚያም ላይ 3ቱ ለልብስ ይቆረጣል። የማሳቹሴትስ 54ኛ ሬጅመንት ግን እኩል ካልሆነ አንነካውም አለ። በደቡብ ካሮላይና አሸዋ ላይ ምሽግ እየቆፈሩ፣ ቤተሰባቸው እየተቸገረ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ደመወዝ ተዋጉ። ግዛታቸው ጉድለቱን ልሙላላችሁ ቢል እንኳ እምቢ አሉ፤ የጠየቁት ድጎማ ሳይሆን እኩልነት ነበርና። ኮንግረስ በጁን 1864 እ.ኤ.አ. እኩል ክፍያ ፈቀደ።

ታዲያ «እኛ ከነሱ እንለያለን» የምንል ሰዎች፣ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ እኩል ደመወዝ የምንጠይቀው የማንን እምቢታ ወርሰን ነው? እስቲ እንተዛዘብ!