የሕሙማን ጥየቃና የታካሚ ምስጢር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሕሙማንን መጠየቅ ጌታችን በዕለተ ምጽአት ከሚመረምረን ምግባራት አንዱ እንደ ሆነ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ተምረናል። ስለዚህ በበዓለ ልደትና በበዓለ ትንሣኤ ሰሞን የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ዳቦ፣ ፍራፍሬና ሳሙና ይዘው ወደ ሆስፒታል መሄዳቸው ሊጠበቅ የሚገባው መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን በዚሁ ልማድ ውስጥ ገብቶ እየተለመደ የመጣ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በአልጋ ላይ የተኛውን ሕመምተኛ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራምና በፌስቡክ ማውጣት ነው። ይህ ተግባር በሕግም፣ በሕክምና ሥነ ምግባርም፣ በወንጌልም ሚዛን ሲመዘን ስሕተት ነውና ሊቀር ይገባዋል።

አስቀድመን ሕጉን እንመልከት። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት ያስከብራል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27፣ ሕጉ ራሱ ለይቶ ካስቀመጣቸው ጥቂት ምክንያቶች በቀር፣ የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይከለክላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የጤናን ጉዳይ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ጋር ይቆጥረዋል።

ለእኛ ይልቁንም ትኩረት የሚሻው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ነው። ይህ አንቀጽ በሙያቸው ምክንያት ያወቁትን ምስጢር የሚገልጡ ሰዎችን የሚቀጣ ሲሆን፣ ሐኪሙን፣ ነርሱንና አዋላጁን በሚጠራበት ስፍራ የሃይማኖት አገልጋዮችንም ይጠራል። ሁለቱ በአንድ አንቀጽ መገናኘታቸው የሚያስደንቅ አይደለም። ሰው በሐኪሙ ፊት ሥጋውን፣ በንስሐ አባቱ ፊት ነፍሱን ይገልጣል፤ ሁለቱም ዘንድ የሚቀርበው የሰማው አይገልጥብኝም ብሎ ነው። ይህ እምነት ከጠፋ ተነሳሒው ኃጢአቱን፣ ታማሚውም ደዌውን ይሸሽጋል። ከጌታ ልደት በፊት የነበሩት የሂፖክራተስ ተከታዮችም በመሐላቸው ምስጢር መጠበቅን አካትተዋል።

ወደ ወንጌሉ ስንመጣ፣ ጌታችን መስማትና መናገር የተሳነውን ሰው ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወስዶ እንደ ፈወሰው እናነባለን (ማር. 7፥33)። ወደ ኢያኢሮስ ቤት በገባ ጊዜም የሚጮኸውን ሕዝብ አስወጥቶ ብላቴናይቱ ወደ ተኛችበት የገባው ከአባቷና ከእናቷ፣ ከሦስቱም ደቀ መዛሙርት ጋር ብቻ ነው (ማር. 5፥37-40)። «ጌታ በሕዝብ ፊትም ፈውሷል» የሚል ቢኖር እውነት ነው። ዳሩ ግን በርጤሜዎስ በመንገድ ዳር የጮኸው በራሱ አንደበት ነው፤ ደም ይፈስሳት የነበረችውም ሴት የሆነላትን የተናገረችው ራሷ ናት። ምስክርነት የባለቤቱ ሀብት ነው። የተፈወሰ ሰው በዐውደ ምሕረት ቆሞ የተደረገለትን ቢመሰክር እግዚአብሔር ይከብርበታል፤ ሌላው ሰው ቀድሞ ቢያወራለት ግን ንብረቱን ወስዶበታል።

«ፈቃዱን ጠይቀን ነው የምናነሣው» የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። ነገር ግን ስጦታ ይዞ ከአልጋው ራስጌ ለቆመ ሃያ ሰው «አይሆንም» ማለት ለበሽተኛ ይከብዳል። ብርቱካኑን የተቀበለ እጅ ካሜራውን ለመከልከል ያፍራል። እንዲህ ያለውን ዝምታ ፈቃድ ብሎ መጥራት አይገባም። ጉዳቱም ቀላል አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ፣ የኤች አይ ቪ ወይም የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ሥራ ሲፈልግ፣ ትዳር ሲያስብ ያ ምስል ይከተለዋል። እኛ የረሳነውን በዓል እርሱ ዕድሜ ልኩን ይሸከመዋል።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ለውድ ሕክምና ገንዘብ የሚሰበሰብለት ሰው ጉዳይ ነው። ሕዝቡ ያላየውን አያምንም፣ አጭበርባሪም በዝቷል፤ ስለዚህ የበሽተኛው ፊት መታየት አለበት ይባላል። ሥጋቱ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ፊት ማሳየት አይደለም፤ የሰው ፊት የሕመሙን እውነተኛነት አያረጋግጥምና። የሚያረጋግጠው የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ነው። ማስረጃውን በሰበካ ጉባኤው የተመረጡ ሁለት ሦስት ሰዎች አይተው ቢመሰክሩ፣ ገንዘቡም በደረሰኝ ገቢና ወጪ ቢደረግ የምእመናን እምነት ይጸናል። ታማሚው አስቦበት፣ ያለ ማንም ግፊት ምስሌ ይውጣ ካለ ምርጫው የራሱ ነው፤ ስለ ሕፃናት ግን ወላጆች ልጁ ነገ አድጎ ያንን ምስል እንደሚያየው ሊያስቡ ይገባል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ወደ ሕሙማን ክፍል ከመግባታችን በፊት ስልኮቻችን በአስተባባሪው እጅ ይቀመጡ። ለአባላት የሚቀርበው ሪፖርት የተጠየቁትን ሕሙማን ቁጥርና የወጣውን ገንዘብ ይያዝ፤ ፊት አያስፈልገውም። የሆስፒታል አስተዳደሮችም ይህን ሕግ በበር ላይ ሊያስከብሩ ይገባል፤ ጎብኚውን በደስታ መቀበል ካሜራውንም መቀበል አይደለምና። ከእኛ መካከል በካርድ ክፍል፣ በላቦራቶሪ ወይም በጽዳት የሚያገለግሉ ደግሞ «ለጸሎት ነው» በሚል ምክንያት እንኳ የጎረቤትን ሕመም አይንገሩ። ቤተ ክርስቲያናችን ለሕሙማን የምትጸልየው በክርስትና ስማቸው ነው፤ «ወለተ ማርያምን አስቡልኝ» ማለት ይበቃል። የደዌውን ዓይነት እግዚአብሔር ያውቀዋል።

ጌታችን ምጽዋታችን በስውር እንዲሆን፣ ቀኝ እጃችን የምታደርገውንም ግራችን እንዳታውቅ አዝዞናል (ማቴ. 6፥3)። በስውር የሚያየው አባታችን ጥየቃችንን ለማመን ፎቶግራፍ አይሻም።

የታመሙትን ይማርልን፣ የሚያስታምሙትንም ያበርታልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።