የሚከራየው አሮጌ ቤት አደጋ ቢደርስበት

ከሰቆጣ እስከ ኒሯቅ ለብዙ እናትና አባቶች ጡረታቸው ግቢያቸው ውስጥ ያለችው የኪራይ ቤት ናት። ግድግዳዋ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ የመብራት ገመዷ ያረጀ። እንዲህ ላለ ቤት መድን የሚገባ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ መድን የሚክሰው ለነበረው ቤት እንጂ ሕጉ ዛሬ ለሚጠይቀው ቤት አይደለም።

ስለ መድን ዛሬም የሚሠራበት የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ፣ ካሳው አደጋው በደረሰ ቀን ከነበረው የንብረቱ ዋጋ አይበልጥም ይላል። በሌላ በኩል በ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከወጣ ወዲህ በከተማ ቤት ለመሥራት ፕላንና ፈቃድ ይጠየቃል። ስለዚህ የወደቀውን ቤት እንደ ድሮው በጭቃ መልሶ ማቆም ላይፈቀድ ይችላል። የሲሚንቶው፣ የብረቱና የአዲሱ መብራት ዝርጋታ ጭማሪ በውሉ ካልተጻፈ ከባለቤቱ ኪስ ይወጣል።

ዋጋ አሳንሶ ማስመዝገብም ይጎዳል። 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት አረቦኑ እንዲቀንስ በ1 ሚሊዮን ብር ተመዘገበ እንበል። እሳት 400,000 ብር ቢያወድም ኩባንያው የሚከፍለው ግማሹን፣ 200,000 ብር ነው። ለቀረው ግማሽ ባለቤቱ ራሱ መድን ሰጪ እንደሆነ ይቆጠራል።

ስለዚህ ከመፈረም በፊት እነዚህን ይጠይቁ፦ በአዲሱ ደንብ መሠረት ለመሥራት የሚያስፈልገው ጭማሪ በተጨማሪ አረቦን ይሸፈናል? ቤቱ እስኪጠገን የሚቋረጠው ኪራይስ? የመሬት መንቀጥቀጥና ጎርፍስ? በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ የጀመረው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በጦርነት የሚደርስ ጉዳት ደግሞ በተለመደው ውል እንደማይካተት የዋግ ሰው ልብ ይበል። መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ጭማሪውን የሚሸፍን ኩባንያ ከታጣ ከኪራዩ በየወሩ ጥቂት እያስቀመጡ ማደስ ይሻላል፤ መጀመሪያ የመብራት መስመሩን፣ ቀጥሎ ጣሪያውን። ልጆችም ብትሆኑ ውሉን ለወላጆቻችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው። ቤቱ ነገ የእናንተ ነው፤ ጉድለቱም እንደዚያው።