ሞተሩ ረጅም፣ እግር አጭር ሲሆን

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ሞተር ሳይክል ነው። “ደግሞ የቤተሰብ መጽሔት ላይ ሞተር ምን አመጣው?” እንዳትሉኝ። እዚህ ሐዋሳ ሞተር የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ገበያ ያመላልሳል፤ እንደ እኔ ላለው ሠራተኛ ደግሞ እንጀራ ነው።

ቁመቴ 1 ሜትር ከ56 ነው። ከዚያ ውስጥ እግሬ የደረሰው ድርሻ ትንሽ ነው። እናቴ “አንቺ እኮ ቁጭ ስትዪ ነው የምትረዝሚው” እያለች ትስቅብኛለች። ይህ ነገር ሕይወቴን ሙሉ ከሱሪ ማሳጠር ያለፈ ችግር አላመጣብኝም ነበር፤ መሥሪያ ቤቴ ሞተር እስኪሰጠኝ ድረስ።

የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። በየሳምንቱ ይርጋለም፣ ለኩና አለታ ወንዶ ያሉ ሱቆችን እየዞርኩ ደንበኞችን አነጋግራለሁ። መሥሪያ ቤቱ ለኮረኮንች መንገድ ብሎ ረጃጅም ሞተሮችን ገዛና ለመስክ ሠራተኞች አከፋፈለ። ባልደረቦቼ ረጃጅም ወንዶች ናቸው፤ ስለ እግር ርዝመት የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም ለመጠየቅ አፍሬ ቁልፉን ተቀበልኩ። መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁት በትንሽ ሞተር ነበር። በአዲሱ ሞተር ሁለት ወር ያህል በጣቶቼ ጫፍ እየቆምኩ ነዳሁ።

አንድ ቀን ከለኩ ስመለስ ዋናው አስፋልት ጋ ስደርስ ቆምኩ። ከኋላዬ አይሱዙ ነበር። ሞተሩ በትንሹ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ቀኝ እግሬን ለመትከል ዘረጋሁ፤ መሬቱን ግን አላገኘሁትም። አስፋልት ውኃ እንዲወርድበት ወደ ዳር ያዘቀዝቃል። ያቺ የጥቂት ሴንቲ ሜትር ልዩነት በቃችኝ። ከነሞተሩ ተጋደምኩ፤ የጋለው ማርሚታ ባቴ ላይ አረፈ። የአይሱዙው ሹፌር ፍሬን ይዞ ወረደና ሞተሩን አነሳልኝ። “እህቴ፣ ምነው በልክሽ ብትይዢ?” አለኝ። ጠባሳው ዛሬም አለ፤ ምክሩም አልጠፋኝም።

ልብ በሉ፣ የወደቅኩት በፍጥነት ስነዳ አይደለም፤ ቆሜ ነው። ሞተር እየሄደ ሳለ እግር መሬት መድረስ አያስፈልገውም። የአጭር ሰው ፈተና ያለው ሲነሳ፣ ሲቆምና ሲያዞር ነው።

ሰኞ ቢሮ ስገባ አለቃዬ ቀስ ብለው “የገጠሩን መስመር ለሌላ ሰው ብንሰጠውና አንቺ ከተማ ውስጥ ብትሠሪስ?” አሉኝ። ክፋት አልነበራቸውም። ነገር ግን ኮሚሽኔም፣ ሦስት ዓመት የደከምኩበት የደንበኛ ትውውቅም ያለው እዚያ መስመር ላይ ነው። “አንድ ወር ይስጡኝ” አልኳቸው።

ቢዝነስ ስንማር መጀመሪያ ከተነገሩን ነገሮች አንዱ ዕቃ ለደንበኛው ይሠራል እንጂ ደንበኛ ለዕቃው አይሠራም የሚለው ነው። ይህን ለሌላ ሰው ስሰብክ የኖርኩ ሴት ጥፋቱን ሁሉ በእግሬ ሳላክክ መክረሜ ገረመኝ። በዚያ አንድ ወር የተማርኩትን እነሆ።

መጀመሪያ ራሳችሁን ለኩ

ቁመት ብቻውን አይናገርም፤ ቁመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች እግራቸው ሊበላለጥ ይችላል። ጫማችሁን አውልቁና ጀርባችሁን ግድግዳ አስደግፋችሁ ቁሙ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በጭኖቻችሁ መካከል አስገብታችሁ፣ መቀመጫ ላይ የተቀመጣችሁ ያህል እስኪሰማችሁ ወደ ላይ ግፉት። ከዚያ ከመጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ እስከ ወለሉ በሜትር ይለካላችሁ። የእኔ 71 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የሞተሬን መቀመጫ ስለካው 83። የ12 ሴንቲ ሜትር ልዩነት!

ይሁንና ልዩነት አለ ማለት መንዳት አይቻልም ማለት አይደለም። ስትቀመጡበት ሞላው በክብደታችሁ ጥቂት ይወርዳል፤ ጫማም የራሱን ይጨምራል፤ ደግሞም ተረከዝ መሬት ይንካ የሚል ሕግ የለም። ሦስቱ ተደምረው ልዩነቱን ያጠቡታል። ጥያቄው የቀረው ስንት ነው የሚለው ነው።

ስትገዙ ቁጥሩንም ወንበሩንም እዩ

ለመጥፎ መንገድ የሚሠራ ሞተር የሚረዝመው ለኩራት አይደለም። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ሞላው ብዙ እንዲወርድና እንዲወጣ፣ ሆዱም ድንጋይ እንዳይነካ ነው። ቢሆንም ረጃጅሞቹም እርስ በርሳቸው ይለያያሉ። ከሆንዳ ሞተሮች የኤክስአር 150ኤል መቀመጫ ከመሬት 82.5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የሲአርኤፍ 300ኤል ግን 88 ነው። የሮያል ኤንፊልድ ሂማሊያን 411 ደግሞ 80 ላይ ይቆማል።

“እንግዲያው ሂማሊያኑ ይሻለናል” ለማለት ግን አትቸኩሉ። እርሱ ወደ 200 ኪሎ ይጠጋል፤ ኤክስአሩ 130 ገደማ ነው። ማዘንበል ሲጀምር እግራችሁ የሚሸከመው ከፍታውን ሳይሆን ክብደቱን ነው። ለጀማሪና ለአጭር ሰው ጥቂት የረዘመ ቀላል ሞተር፣ ጥቂት ካጠረ ከባድ ሞተር ይልቅ ብዙ ጊዜ ይቅር ባይ ነው።

ሌላው በወረቀት ላይ የማይጻፈው የወንበሩ ስፋት ነው። ሰፊ ወንበር ጭንን ከፍቶ የእግርን ርዝመት ይሰርቃል። ፊቱ ጠበብ ያለ ወንበር ግን እግር ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ያደርጋል። ስለዚህ ሳትቀመጡበት አትግዙ። ስትሄዱም ለመንዳት የምታደርጉትን ጫማ አድርጉ፤ ሻጩ ወይም ጓደኛ ሞተሩን ይያዝላችሁ። የሁለቱም እግር ፊተኛ ግማሽ ካረፈ እሰየው። አንዱ እግር በደንብ አርፎ ሌላው ፍሬን ላይ ከሆነም ይበቃል። የሁለቱም እግር ጣት ጫፍ ብቻ የሚነካ ከሆነ ግን ወይ ማስተካከል ወይ ሌላ መፈለግ ነው።

ማስተካከል ከርካሹ ይጀምራል

ሞተሬን ይዤ የሄድኩት አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ነው። “ጋሼ፣ ሞላውን ቆርጠው ያሳጥሩልኝ” አልኳቸው። ሳቁና “አይሞከርም፣ ልጄ። እግርሽን ለማስረዘም ወገብሽን ትሰብሪያለሽ?” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የተቆረጠ ሞላ ይደርቃል፤ የሚወርድበትም ቦታ ያጥረዋል። ያኔ የኮረኮንቹ ምት በቀጥታ ወገብ ላይ ያርፋል፤ ሞተሩም መሬቱን መቆንጠጡን ይተዋል። ከዚያ ቅደም ተከተሉን አስያዙኝ።

አንደኛ ጫማ። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጠንካራ ቦቲ ገዝቼ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወሰድኩትና ሶሉን በ2 ሴንቲ ሜትር አስወፈርኩት። ከዚህ በላይ ማወፈር ግን ማርሽና ፍሬን ስትረግጡ ስሜቱን ያጠፋዋል።

ሁለተኛ መቀመጫ። የመኪና ወንበር የሚያለብሱ ባለሙያዎች ስፖንጁን ቀንሰው መልሰው ይሰፉታል። ከከፍታው በፊት የፊት ጠርዞቹን እንዲያጠቡ ንገሯቸው፤ ብዙ ለውጥ የሚመጣው ከዚያ ነው። ከመሃል ግን ብዙ አታስነሱ። ስፖንጁ ከሳሳ ከአንድ ሰዓት መንገድ በኋላ የምትቀመጡት ብረት ላይ ነው። የእኔን 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ዝቅ አደረጉልኝ።

ሦስተኛ የሞላው ውጥረት። በብዙ ሞተሮች የኋላ አሞርዛተር ላይ ሞላውን የሚያጠብቅና የሚያላላ ቀለበት አለ። የእኔ ለጭነት ተብሎ እስከ መጨረሻው ጠብቆ ነበር። እንደ ክብደቴ ሲላላ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወረደልኝ፤ ለዚህ ገንዘብም አልተከፈለበት። ሰው ስታፈናጥጡ ወይም ዕቃ ስትጭኑ ግን መልሳችሁ ማጥበቅ እንዳትረሱ።

ሦስቱ ተደምረው 5 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሰጡኝ። የጣት ጫፍ የነበረው የእግሬ ፊተኛ ግማሽ ሆነ። ወጪው በሙሉ ከአንድ ወር የመስክ አበሌ በታች ነው።

ይህ ካልበቃችሁ አራተኛው መንገድ ሞተሩን ራሱን ዝቅ ማድረግ ነው። የኋላውን እገዳ ከሞተሩ አካል ጋር የሚያያይዙትን ማገናኛ ብረቶች ለዚሁ በተሠሩ ሌሎች በመተካት፣ ወይም አጠር ያለ አሞርዛተር በመግጠም ይሠራል። አንዳንድ ፋብሪካዎች አስቀድመው ያሰቡበት ሞተርም አለ፤ የሱዙኪ ዲአር 650 መቀመጫ ከ88.5 ወደ 84.5 ሴንቲ ሜትር እንዲወርድ ተደርጎ የተሠራ ነው። በሌሎቹ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ኋላው ብቻ ወርዶ ፊቱ ከቀረ መሪው ባሕርዩን ይለውጣል፤ ፊቱም በመጠን መውረድ አለበት። ጎማው እስከ መጨረሻ ሲገባ የጭቃ መከላከያውን እንዳይነካ፣ የካቴናው ልልነትም ልክ መሆኑን አስፈትሹ። የጎን ማቆሚያውም ማጠር አለበት፤ አለዚያ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቆምና በትንሽ ንፋስ በሌላ ጎኑ ይተኛል። ከሁሉ በላይ ሆዱ ለድንጋይ ይቀርባል። ገጠር የምትነዱ ከሆነ የገዛችሁትን ጥቅም መልሳችሁ እንዳትሸጡት አስቡበት።

ቀሪው ልምምድ ነው

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ካወረድኩት ሴንቲ ሜትር ይልቅ የጠቀመኝ አቋቋሜን መለወጤ ነው። በቀኝ በምንነዳበት አገር አስፋልቱ ወደ ቀኝ ስለሚያዘቀዝቅ መሬቱ በግራችሁ በኩል ከፍ ይላል። ስለዚህ የሚተከለው ግራ እግር ነው፤ ቀኙ የኋላ ፍሬን ላይ ይቆያል። ልትቆሙ ስትሉ ከመቀመጫው ትንሽ ወደ ግራ ተንሸራተቱ፤ አንድ እግር በሙሉ ይደርሳል። ሁለቱንም እግር በአንድ ጊዜ ለማድረስ መሞከር ነው የሚጥለው።

የምትቆሙበትን ቦታ አስቀድማችሁ ምረጡ፤ ጉድጓድና ጠጠር ያለበትን እለፉት። መሪው ተጠምዝዞ ሳለ የፊት ፍሬን አትያዙ። ስታቆሙ አፍንጫው ወደ መውጫው ይሁን፤ ቁልቁል አቁሞ ወደ ኋላ መጎተት ለአጭር እግር ቅጣት ነው። ማንሳትንም ተለማመዱ፤ መጀመሪያ ኢንጂኑን አጥፉ፤ ከዚያ ጀርባችሁን ለመቀመጫው ሰጥታችሁ በእግራችሁ ጉልበት ወደ ኋላ ግፉት እንጂ በወገባችሁ አትጎትቱት። ከእጅ ካመለጠ ደግሞ ልቀቁትና ራቁ። ብረት ይጠገናል፤ እግር ግን አታስገቡለት። ቀላል ቆሞ መውደቅ እንኳ ራስ ሊመታ ስለሚችል ሄልሜት ከራሳችሁ አይለይ። በባዶ ሜዳ በደንብ ሳትለማመዱ ልጃችሁን አታፈናጥጡ።

አጭርነት ለሞተር እንደማያበቃ የሚነግራችሁ ካለ ስፔናዊውን ዳኒ ፔድሮሳን ጥሩለት። ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 ገደማ ነው። በ2003 በ125 ሲሲ፣ በ2004 እና በ2005 ደግሞ በ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ በሞቶ ጂፒም 31 ውድድሮችን አሸንፏል።

እኔ ሻምፒዮን አይደለሁም። ወሩ ሲያልቅ ግን አለቃዬ ግቢ ውስጥ ቆመው ሳዞርና ሳቆም አዩኝ። “በይ ቀጥዪ” አሉኝ፤ መስመሩም ዛሬ ድረስ የእኔ ነው። ከሁሉም ደስ ያለኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አዲስ የመስክ ሠራተኛ ሲቀጠር ቁልፍ ከመሰጠቱ በፊት ሞተሩ ላይ ተቀምጦ እንዲታይ ተወሰነ። ያን ጥያቄ ቀድሜ ብጠይቅ ኖሮ ባቴ ላይ ጠባሳ ባልኖረ። እናንተ ጠይቁ፤ ሱሪ ስታሳጥሩ አታፍሩም እኮ!