ስለ ጉበት ምርመራ ወረቀት

ባለፈው ዓመት ከእኔ ጋር በአንድ ቀን ሥራ የጀመሩ ሁለት ጓደኞቼ ለቅጥር የሚጠየቀውን የጤና ምርመራ አድርገው፥ የደማቸውን ውጤት በየእጃቸው ይዘው ከሐኪም ቤት ወጡ። የአንደኛው ወረቀት ኤ ኤስ ቲ 74፥ ኤ ኤል ቲ 52 ይላል፤ በአጠገቡም «እስከ 40» የሚል ወሰን ታትሞበታል። ያ ሰው በዚያች ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አላየም። የሁለተኛው ቁጥሮች ግን ሁለቱም ከ30 በታች ስለ ነበሩ፥ «የእኔ ጉበት ብረት ነው!» እያለ ምሳ ጋበዘን። ስለ ወረቀቱ አንድ ቃል ያስረዳቸው አልነበረም፤ እኛም የተማርን ነን ባዮቹ አልጠየቅንም።

እነዚህ ሁለት ኢንዛይሞች የሚሠሩት በሕዋሳት ውስጥ ነው። ሕዋሱ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈሳሉ፤ ስለዚህም በደም ውስጥ መብዛታቸው አንድ ቦታ ጉዳት መኖሩን ያመለክታል። ጉበት ሥራውን ማከናወን አለማከናወኑን ግን አይናገሩም። ምርመራው «የጉበት ሥራ ምርመራ» መባሉ በእኔ አስተያየት ሰውን የሚያሳስት ስም ነው። የጉበትን ሥራ ለማወቅ የፈለገ ሐኪም ጉበት የሚያዘጋጀውን አልቡሚን፥ ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜና ቢሊሩቢንን ይመለከታል። እንዲያውም ለብዙ ዘመን ታሞ የጠነከረ ጉበት፥ የሚያፈሱት ሕያዋን ሕዋሳት ጥቂት ስለሚሆኑ፥ ኢንዛይሙ ከወሰን በታች ሊገኝ ይችላል።

ደግሞስ ጉዳቱ የጉበት ነው ያለው ማን ነው? ኤ ኤስ ቲ በልብና በሌላውም ጡንቻ ውስጥ በብዛት ይገኛል። በ1954 እ.ኤ.አ. ላዱ፥ ሮብሌውስኪና ካርመን የተባሉ የኒው ዮርክ ተመራማሪዎች በደም ውስጥ ከፍ ማለቱን የጻፉት የልብ ጡንቻቸው በድንገት ስለ ተጎዳ ሕመምተኞች ነበር። ጓደኛዬም ከምርመራው በፊት በነበረው ቀን፥ ከረጅም ዕረፍት በኋላ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ኳስ ተጫውቷል። ይህን ለሐኪሙ አልነገረም፤ ማን ጠየቀውና!

«እስከ 40» የተባለውም ወሰን ከሰማይ የወረደ አይደለም። በተለመደው አሠራር ከመቶ ጤነኞች ዘጠና አምስቱ የሚገኙበት መካከል ተወስዶ ይወጣል፤ ስለዚህ አምስቱ ያህል ያለ አንዳች ሕመም ከወሰኑ ውጭ ይወድቃሉ። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ ደግሞ በ2017 እ.ኤ.አ. ለኤ ኤል ቲ የወንድ የላይኛው ወሰን ከ29 እስከ 33፥ የሴት ከ19 እስከ 25 ይሁን ብሏል። እንግዲህ 38 የያዘች ሴት በአንዱ ወረቀት ጤነኛ፥ በሌላው አጠያያቂ ናት ማለት ነው። በሺህ የሚቆጠር ቁጥር ያየ ግን ነገ ዛሬ ሳይል ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ዐይኑ ቢጫ የሆነም እንዲሁ።

በአገራችን የባሰ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ቁጥሩ ከፍ ብሎ የተገኘ ሰው «የወፍ በሽታ ነው» ይባልና ሥር ተቀጥቅጦ ይሰጠዋል። ጉበትን የሚጎዱ ዕፆች መኖራቸው የታወቀ ነው፤ ሰውየው ግን ስለሚያፍር መጠጣቱን ለሐኪሙ አይነግርም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድም ኢንዛይሙ ከፍ ሊል እንደሚችል ማወቅ፥ በገዛ እጁም መድኃኒቱን ከማቋረጥ ይልቅ መጠየቅ አለበት።

ምሳ የጋበዘን ጓደኛዬ ከጥቂት ወራት በኋላ ደም ለመለገስ ሄደ። ደም ባንክ ደሙን መርምሮ የሄፓታይተስ ቢ ተሐዋሲ አገኘበት። በዚህ ተሐዋሲ የተያዘ ሰው ኤ ኤል ቲው ለዓመታት በወሰኑ ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ ተሐዋሲውን የሚፈልግ ምርመራ ለብቻው ነው፥ በቅጥሩ ወረቀት ላይም አልነበረም። ክትባቱ በአገራችን ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፥ ከዚያ በፊት የተወለድነው አብዛኞቻችን በሕፃንነታችን አላገኘነውም። ይህን ሳነብ እኔም ደነገጥሁና ሄጄ ተመረመርሁ።

ኳስ ተጫዋቹ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሲመረመር ኤ ኤስ ቲ 28፥ ኤ ኤል ቲ 31 ሆኖ ተገኘ። የሁለተኛው ጓደኛዬ ቁጥር እስከ ዛሬ ከ30 በታች ነው፤ በየስድስት ወሩ ሐኪም ያየዋል። ተሐዋሲው ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ እንደሚተላለፍ ከተነገረው ወዲህ፥ እናቱንና ታናሽ እኅቱን ለማስመርመር ባለፈው ሳምንት ፈቃድ ጠይቆ ወደ አገሩ ሄዷል።