ኢፖክሲው ምን አደረገ? ወለሉን ማን አዘጋጀው?

“ኢፖክሲ ለደብረ ታቦር አየር አይሆንም” የምትሉ ሰዎች፣ እስቲ ዛሬ እንነጋገር። ሰሞኑን በየጋራዡ የምሰማው ይሄንኑ ነው። ቀቢው ቀለሙን ይወቅሳል፣ ባለቤቱ ሻጩን ይወቅሳል፣ ሻጩ ደግሞ ብርዱን። ወለሉን የሚጠይቅ የለም!

አንድ የማውቀው ልጅ ከወንድሙ ጋር ተበድሮ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር ጋራዥ ከፈተ። ወለሉን አረንጓዴ ኢፖክሲ አስቀባ፤ መስተዋት መሰለ። ሁለት ወር ሳይሞላው ጎማ በቆመበት ሁሉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ብድሩ ግን እንዳለ ነው። የተላጠውን አንስቼ ገልብጬ አየሁት፤ ጀርባው ላይ ግራጫ የሲሚንቶ ዱቄት ተለጥፎበታል። ይሄ ምን ማለት ነው? ቀለሙማ በደንብ ይዟል። የያዘው ግን ደካማውን ቆዳ ነው፤ ቆዳው ራሱ ነው ከኮንክሪቱ የተላቀቀው።

ቆዳው ከየት መጣ? ከምንወደው ሊሾ ነዋ! ግንበኞቻችን ወለሉ ሳይጠነክር ደረቅ ሲሚንቶ ይነሰንሱበትና በግንበኛ ማንኪያ እየተጫኑ ያበሩታል። ለመኖሪያ ቤት ቆንጆ ነው፣ ለመጥረግ ይመቻል፣ እናቶቻችንም ይወዱታል። ለኢፖክሲ ግን ጠላት ነው። ያ የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን በግራይንደር ተፍቆ አሸዋው እስኪታይ፣ በእጅ ሲዳሰስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት እስኪሻክር መውረድ አለበት። (አቧራው ሳንባ ይጎዳል። ልጆቹን ያለ ማስክ የሚያሠራ አሠሪ ማፈር አለበት።)

ዘይቱስ? የተቃጠለ ዘይት የጠጣ ወለል ላይ አሲድ ቢደፉበት አሲዱ ዘይቱን አይበላውም። መጀመሪያ በሙቅ ውኃና በኦሞ ደጋግሞ መፈግፈግ ነው። ከዚያ ውኃ ጠብ አድርጉበት፤ እንደ ዶቃ ድብልብል ብሎ ከቀረ ገና ነው፣ ወለሉ ከጠጣው ጥሩ።

አሁን ወደ “አየሩ” እንምጣ። ብርድ መሆኑን ማንም አይክድም፤ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነን። አብዛኛው ኢፖክሲ ከ10 ዲግሪ በታች በወጉ አይጠነክርም። ታዲያ በታኅሣሥ፣ አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ ለምን ይቀባል? ደግሞ ከሥሩ ላስቲክ ሳይነጠፍ የተሞላ ወለል መስከረም ላይ ደረቅ ቢመስልም መሬቱ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ጠጥቷል። እርጥበቱ ከታች ይገፋል፣ ቀለሙ እንደ ፊኛ ይነፋል። አዲስ ኮንክሪትም ቢያንስ 28 ቀን ይፈልጋል፤ እኛ በሳምንቱ “ለበዓሉ ይድረስልን” እንላለን።

ስለዚህ ቀቢዎቹን ብቻ አልከስም። ዋናው ጥፋት የአሠሪው ነው። ሁለት ቀቢ ዋጋ ያቀርባል። አንዱ የመፋቂያውን፣ የማጠቢያውንና የማድረቂያውን ቀን ጨምሮ፣ ሌላው “ነገ አስረክባለሁ” ብሎ በካሬ ቀንሶ። ማንን እንደምንመርጥ ይታወቃል! በቃ፣ ጠንቃቃውን ባለሙያ ከገበያ ያስወጣነው እኛው ነን። ከዚያ ዞረን “ባለሙያ ጠፋ” እንላለን።

ውሸት ነው የምትሉ ካላችሁ ዛሬ ማታ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ወለላችሁ ላይ ዘርጉና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጉት። ነገ በዚሁ ሰዓት ግለጡት። ከሥሩ ላብ ካገኛችሁ ወይም ኮንክሪቱ ጠቁሮ ከጠበቃችሁ ቀቢ አትጥሩ። ፎቶውን ኮሜንት ላይ ለጥፉልኝ፣ እዚያው እንከራከራለን።