ጎረቤቱን ያላጠና የበር ከተማ

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለውን ብሂል ሁላችንም እየሰማን አድገናል። ይሁንና ብሂሉን ከመጥቀስ አልፈን ጎረቤታችን ምን እንደሚያነብ፣ ምን እንደሚያስደስተውና ምን እንደሚያስፈራው ለማወቅ ስንቶቻችን ደክመናል? ይህን ጥያቄ የጫረብኝ በቅርቡ አዳማ (በቀድሞ ስሟ ናዝሬት) የገጠመኝ አንድ ትንሽ ጨዋታ ነው።

ምሕንድስና ከሚማረው ከእህቴ ልጅ ጋር ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ ከጂቡቲ የተመለሱ አንድ የተሳቢ ሹፌር ከጎናችን አረፉ። ጨዋታ ጨዋታን አነሣና ስለ መንገዱ ያወጉን ጀመር። ከአፋር ሽማግሌ ጋር ሰላምታ እንዴት እንደሚረዝም፣ ዓርብ ቀን የጂቡቲ ቢሮዎች እንደሚዘጉ፣ ጫት ከተማዋ በሚገባበት ሰዓት ጉዳይ አስፈጽማለሁ ማለት ከንቱ ድካም እንደሆነ፣ ዒሳውን በምን፣ አፋሩን በምን ቋንቋ ማናገር እንደሚሻል ዘረዘሩልን። ሲሄዱ ለእህቴ ልጅ፣ «እኚህ ሰው እኮ ዲግሪ ያልተጻፈላቸው የቀጣና ጥናት ሊቅ ናቸው» አልሁት። ልጁ ሳቀና፣ «አጎቴ፣ ጎረቤት ማጥናትም ትምህርት ሆነ እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ።

በእርግጥም ትምህርት ነው። የቀጣና ጥናት ማለት የአንድን የዓለም ክፍል ታሪክ፣ ቋንቋ፣ ሃይማኖት፣ ኢኮኖሚና ፖለቲካ አጣምሮ የሚመረምር የዩኒቨርሲቲ መስክ ነው። በሌላው ዓለም ተማሪው እንደ ዋና ትምህርት ይመርጠዋል፤ አለዚያም ከሕግ፣ ከንግድ ወይም ከምሕንድስና ጋር በንዑስ ትምህርትነት ይወስደዋል። ከልጁ ጥያቄ ይልቅ ያሳዘነኝ፣ ጥያቄው አዳማን በመሰለች ከተማ መጠየቁ ነው።

እስቲ ዙሪያዋን እንቃኝ። አዳማን ከተማ ካደረጓት ነገሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጂቡቲ ምድር ባቡር ነው። ፈረንሳዮች የሠሩት ያ ባቡር ሲያረጅ፣ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር ቻይናውያን ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2016 ተመረቀ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድም፣ ከከተማዋ በላይ የሚሽከረከሩት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎችም የቻይና ብድርና እጅ አለባቸው። ከአዳማ በስተደቡብ ያለችው ወንጂ እ.ኤ.አ. በ1954 ስኳር ማምረት የጀመረችው በጃቫ ሸንኮራ ሲያለማ በኖረ የሆላንድ ኩባንያ ነው። የቆቃ ግድብ በጣሊያን የጦር ካሣ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ተመረቀ። ሞጆ ላይ የሀገሪቱ ትልቁ ደረቅ ወደብ ተዘርግቷል። የስምጥ ሸለቆውን መንገድ ይዘን ስንወርድ፣ በዝዋይ ሐይቅ ዳር በባቱ የሚቀጠፈው ጽጌረዳ ለሆላንድ ገበያ ይጫናል። ሻሸመኔ ስንደርስ ደግሞ፣ ጣሊያን በወረረን ጊዜ ለቆሙልን የምዕራቡ ዓለም ጥቁር ሕዝቦች ጃንሆይ በሰጡት መሬት ላይ የጃማይካ ተወላጆች ይኖራሉ።

እንግዲህ ዓለም በእነዚህ ከተሞች ደጃፍ ያልፋል፤ አልፎም ቤት ሠርቶ ይቀመጣል። የአዳማ ልጅ ቻይናዊውን በመንገድ ሥራው፣ ሆላንዳዊውን በአበባው፣ ጂቡቲያዊውን በኮንቴይነሩ ያውቀዋል። ከዚያ ያለፈውን እንዲያውቅ ግን ማን አስተማረው? የከተማዋ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2011 የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ተሰይሟል። መሐንዲስ ማፍራቱ የሚያኮራ ነው፤ ሀገሪቱም ከተማሪዎቿ 70 በመቶውን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶውን ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ስትመድብ ኖራለች። ነገር ግን ባቡሩን የሚጠግን መሐንዲስ፣ ባቡሩ የሚደርስበትን ሀገር ሕዝብ ሳያውቅ ቢመረቅ ትምህርቱ ሞላ ማለት ይቻላልን?

እኛ ሌላውን ባናጠናም ሌላው እኛን ሲያጠና ዘመናት ተቆጥረዋል። ሂዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ ተምሮ የአማርኛ ሰዋስው በፍራንክፈርት ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1698 ነው። የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1844 ሙኒክ ላይ ሲታተም፣ አዘጋጁ ካርል ቱቼክ ቃላቱን የለቀመው ከባርነት ወጥተው ጀርመን ከደረሱ የኦሮሞ ወጣቶች አንደበት ነበር። የወንጂው ኩባንያ ሀገር ሆላንድ፣ ወንጂ ስኳር ከማምረቷ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1947 በላይደን የአፍሪካ ጥናት ማዕከል ነበራት። አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ባመጠቀች ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1958 የውጭ ቋንቋዎችንና የቀጣና ጥናትን በሕግ ደግፋ በዩኒቨርሲቲዎቿ አስፋፋች። ዛሬም ቤይጂንግ ውስጥ አማርኛ በዩኒቨርሲቲ ይሰጣል። በአንጻሩ በእኛ ዘንድ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመውና በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ታላቅ ሥራ ሠርቷል። ሥራው ግን ስሙ እንደሚለው ራሳችንን ማጥናት ነው። ራስን ማወቅ የጥበብ መጀመሪያ መሆኑ ባይካድም፣ መጨረሻዋ አይደለም።

አንድ እውነት ግን መደበቅ የለብኝም። የቀጣና ጥናት ንጹሕ ልደት የለውም። የሶማሊን፣ የኦሮሞንና የኢትዮጵያን ሥነ ጽሑፍ በጥልቀት የመረመረው ኤንሪኮ ቼሩሊ፣ በወረራው ዘመን የፋሺስት ጣሊያን ከፍተኛ ሹም ሆኖ ሸዋንና ሐረርን አስተዳድሯል። የአሜሪካው ሕግም በስሙ የመከላከያ ትምህርት ሕግ ነበር። «ሌላውን ማጥናት ሌላውን ለመግዛት ነው» የሚሉ ወገኖች ማስረጃ አያጡም። መልሴ አጭር ነው፦ ዕውቀት በጉልበተኛው እጅ ብቻ ስለቀረ ነው መሣሪያ የሆነው። ጎረቤት ጎረቤቱን ሲያጠና ግን ከድንፋታ ይታደገዋል፤ ከጥርጣሬም ያድነዋል።

ከድንፋታ ያልሁት በከንቱ አይደለም። ከአሥር ዘጠኝ እጅ የሚሆነው የውጭ ንግዳችን በጂቡቲ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከሶማሊላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈረም፣ በየሻይ ቤቱና በየድረ ገጹ የባሕር በር ሊቃውንት ሆነን ከረምን። እኔም ከተናጋሪዎቹ አንዱ ነበርሁ። ሞቃዲሾ ለምን እንደዚያ እንደተቆጣች፣ እ.ኤ.አ. የ1977ቱ ጦርነት በሶማሊዎች ትዝታ ውስጥ ምን ቦታ እንዳለው፣ የሃርጌሳ ሕዝብ ራሱ ስለ ሰነዱ ምን እንደሚል በሶማልኛ አንብቦ የሚነግረን ግን ስንፈልግ አጠረን። ዜናውን ያነበብነው ከለንደንና ከዶሃ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ሁለቱ መንግሥታት ሲነጋገሩ ያግባባቸው ሦስተኛ ሀገር ቱርክ ሲሆን፣ መግለጫውም የወጣው ከአንካራ ነው። ከጎረቤታችን ጋር ለመነጋገር ባሕር መሻገራችን ሊያሳፍረን ባይገባ እንኳ ሊያስተምረን ይገባል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አዲስ ፋኩልቲ፣ አዲስ ሕንጻ፣ አዲስ ዲን ይሾም አልልም፤ የምጠይቀው ንዑስ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተጀመረው ሥርዓተ ትምህርት አዲስ ገቢ ተማሪዎች በጋራ ከሚወስዷቸው ትምህርቶች መካከል የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ይገኝበታል። መሠረቱ ተጥሏል ማለት ነው። በዚያ ላይ አምስት ወይም ስድስት ኮርስ ይጨመር፦ ሁለት ሴሚስተር ሶማልኛ ወይም ዐረብኛ፣ የቀይ ባሕር ታሪክ፣ የወደብና የትራንዚት ሕግ፣ የእስልምና ባህል በአፍሪካ ቀንድ፣ በመጨረሻም ሞጆ ወይም ድሬዳዋ ወርዶ የሚሠራ የመስክ ጥናት። ሌላው ደግሞ በዚሁ አምሳል ቻይናን ይምረጥ። ቻይንኛ በቻይና መንግሥት ድጋፍ መማሩ ጥሩ ነው፤ ቻይናን መመርመር ግን በራሳችን ጥያቄና በራሳችን ገንዘብ ሊሆን ይገባል። አበዳሪያችንን በአበዳሪያችን መጽሐፍ ብቻ ማጥናት አይበጅምና።

«ሥራ የሌለው ዲግሪ ልታበዛ ነው» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሥጋቱ እውነተኛ ነው፤ የቀጣና ጥናትን ለብቻው ዋና ትምህርት አድርጎ መጀመር ያልመረጥሁትም ለዚሁ ነው። ሶማልኛ የሚናገር የሎጂስቲክስ ባለሙያ፣ ዐረብኛ የሚያነብ የጉምሩክ አስተላላፊ፣ የቻይናን የሥራ ልማድ የሚያውቅ ሲቪል መሐንዲስ በዚህ መስመር ላይ እንጀራ አያጣም። ደግሞስ መምህር የት ይገኛል ከተባለ፣ የሶማልኛ ሊቃውንት በጅግጅጋ፣ የአፋርኛ ሊቃውንት በሰመራ አሉ። ጎረቤቶቻችን የገዛ ወገኖቻችንም ናቸው፤ ድንበሩ ቋንቋውን አልቆረጠውም።

የእህቴ ልጅ ያን ዕለት ስንለያይ፣ «እንዲህ ያለ ኮርስ ቢኖር እወስደው ነበር» አለኝ። ለማስደሰት ይሁን ከልቡ አልጠየቅሁትም። ሹፌሩ ግን በዚያን ሰዓት ሞጆ ደርሰው ጭነታቸውን አራግፈው፣ ለሚቀጥለው ጉዞ ተራ እየጠበቁ ሳይሆን አይቀርም። እርሳቸው በሃያና በሠላሳ ዓመት የመንገድ ድካም የለቀሙትን ዕውቀት፣ ልጁ በሁለት ዓመት እንዲጀምረው ማድረግ የዩኒቨርሲቲ ሥራ ይመስለኛል። የበር ከተማ የሚያልፈውን ጭነት ብቻ ሳይሆን፣ ጭነቱን የሚልከውንም ሰው ማወቅ አለባት።