ፔዳሉን ማን ይምታው?

«ብስክሌት፣ ሞባይልና መጽሐፍ ምን አገናኛቸው?» ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ሦስቱንም በአንድ ጥያቄ እመዝናቸዋለሁ፤ የሚደክመው ማን ነው?

ያደግሁት አምባሰል፣ ከግሸን ብዙም ሳይርቅ ነው። እዚያ አገሩ ዳገትና ገደል ስለሆነ ብስክሌት አያዋጣም። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም በዓል ሲተም የሚታየው ሕዝብ የእግር መንገድ ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ብስክሌት የለመድኩት ለትምህርት ባሕር ዳር ከመጣሁ በኋላ ነው። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ለፔዳል ትመቻለች።

ታዲያ በብስክሌት ስትሄዱ የሱቁን ጽሑፍ ታነባላችሁ፣ የምታውቁትን ሰው ሰላም ትላላችሁ። ባጃጅ ውስጥ ከሆናችሁ ግን ሁሉም ሽው ብሎ ያልፋል። እግራችሁን ስታቆሙ ብስክሌቱም ይቆማል። መጽሐፍም እንደዚሁ ነው፤ እናንተ ካላሰባችሁ አንድ ገጽ አይራመድም። ሞባይል ግን ይዟችሁ ይሄዳል። አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው ራሱ ይመጣል። እኩለ ሌሊት ላይ «ምን አየህ?» ብትባሉ መልስ የለም።

ቴክኖሎጂን መጥላቴ አይደለም። ብስክሌትም እኮ ቴክኖሎጂ ነው! ቤተ መጻሕፍት ያጣሁትን መጽሐፍ በሞባይሌ ያነበብኩበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ፔዳሉን የምመታው እኔ ነበርኩ።

የግሸንን ታሪክ እንይ። አምባው በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ልጆች ለዙፋን እንዳይሻሙ የሚጋዙበት ቦታ ነበር። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብም ከዚያው አምባ ወርደው ነው ዙፋን ላይ የወጡት፤ ዛሬም እንደ «መጽሐፈ ብርሃን» ባሉ ድርሰቶቻቸው ይታወቃሉ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን ደግሞ አገራችንን ረግጦ አያውቅም። የፖርቱጋላዊውን ሚስዮናዊ የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ወደ እንግሊዝኛ መለሰ። ከዚያም በ1759 እ.ኤ.አ. አምባውን ወደ ሸለቆ ለውጦ፣ እዚያ ስለተዘጋበት ልዑል «ራስላስ» የተባለውን ልብ ወለድ ጻፈ። በኋላም ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መለሱት። እንግዲህ ሰውዬው እንግሊዝ አገር ቁጭ ብሎ በንባብ ብቻ እኛ አገር ደረሰ። እኛ ግን ግሸን ሥር ተወልደን ይህን መጽሐፍ የገለጥን ስንት ነን?

እዚህ ግቢ ውስጥ የማየው ያሳስበኛል። ፈተና ሲደርስ ሃንድአውት ሸምድደን እንገባለን፣ ስንወጣ እንረሳዋለን። ይሄ ሰው ከኋላ ተፈናጦ እንደመሄድ ነው፤ ቦታው ላይ ያደርሳል፣ መንዳት ግን አያስተምርም። አንድ ሙሉ መጽሐፍ ሳይጨርስ የሚመረቅ ተማሪ ነገ አስተማሪ ሲሆን ለልጆቹ ምን ሊሰጣቸው ነው?

ስለዚህ ሐሳቤ ቀላል ነው። ማታ ማታ አንድ ሰዓት ሞባይሉን እንዝጋና፣ ዶርም ውስጥ እያንዳንዳችን የራሳችንን መጽሐፍ እናንብብ። በሳምንቱ መጨረሻ ያነበብነውን እንጫወት። መጀመሪያ ላይ ያደክማል፤ ብስክሌትም ሲለምዱት ጉልበት ይልጣል። ወድቆ የተነሣ ግን ከዚያ በኋላ ወደ ፈለገበት ይሄዳል።

መልካም ንባብ!